ባጃጅ ቦክሰር

ባጃጅ ቦክሰር የሕንዱ ባጃጅ አውቶ የሚያመርተው አነስተኛ ሞተር ሳይክል ነው። በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ «ቦዳ ቦዳ» በሚባለው የሞተር ታክሲ ሥራ ላይ በብዛት ከሚታዩት ዓይነቶች አንዱ ሲሆን፣ የኢትዮጵያን ባለ ሦስት እግር ባጃጅ የሚሠራውም ይኸው ኩባንያ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አምራቹ

ባጃጅ አውቶ በ1945 የተመሠረተ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ ፑኔ ነው። በ1960ዎቹ ከጣሊያኑ ፒያጆ ባገኘው ፈቃድ ቬስፓ ያመርት ነበር። ፈቃዱ ሲያበቃ በ1972 ቼታክ የተባለውን ስኩተር አወጣ። ከጃፓኑ ካዋሳኪ ጋር በመተባበር በ1986 ኬቢ100ን፣ በ1997 ቦክሰርን ለገበያ አቀረበ። በ2009 ስም ያተረፈበትን ስኩተር ማምረት ለማቆም ወሰነ፤ ቼታክ በኤሌክትሪክ የተመለሰው ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

አሠራሩ

ቢኤም100 የተባለው ዓይነት ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 100 ሲሲ ገደማ፣ በአየር የሚቀዘቅዝና ባለ 4 ማርሽ ነው። 150 የሚባል ከፍ ያለ ጉልበት ያለው ዓይነትም አለ።

የቦዳ ቦዳ አጀማመር

ስለ ሥራው አጀማመር የሚነገረው የተለያየ ነው። በስፋት የተመዘገበው ታሪክ መነሻውን የኡጋንዳና የኬንያ ድንበር ከተማ የሆነችው ቡሲያ ያደርጋል። በሁለቱ የድንበር በሮች መካከል ከ800 ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ አለ። በሞተር ተሽከርካሪ መሻገር ወረቀት ስለሚጠይቅ፣ ባለ ብስክሌቶች በኋላ መጫኛቸው ላይ ትራስ አስረው መንገደኛ ያመላልሱ ጀመር፤ ስሙም «ከድንበር ድንበር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ጥሪያቸው መጣ ይባላል። ዘመኑን አንዳንዶች 1960ዎቹ፣ ሌሎች 1970ዎቹ ያደርጉታል። መነሻው መንገደኛ ማጓጓዝ ሳይሆን ኮንትሮባንድ ነበር የሚሉም አሉ። በስተ ሰሜን ያለችው የድንበር ከተማ ማላባም አብራ ትነሳለች፤ ይሁንና ሥራው ወደ እርሷ የደረሰው ከቡሲያ ነው የሚለው ሚዛን ይደፋል። በካምፓላ ሞተር ሳይክል ብስክሌቱን መተካት የጀመረው በ1990ዎቹ ሲሆን፣ የሕንድ ሥሪቶች የጃፓኖቹን ቦታ የያዙት ከዚያ በኋላ ነው።

አጠቃቀሙ

ካምፓላ ውስጥ ሞተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ አይነዳም። እግር የሚከላከል ብረትና ጠንካራ የኋላ መጫኛ ይበየድለታል፤ በዚያ ላይ የማቶኬ (የሚበስል ሙዝ) ዘለላ፣ የከሰል ማዳበሪያ ወይም ጄሪካን ይታሰራል። ብዙ ነጂዎች ሞተሩ የራሳቸው ስላልሆነ ለባለቤቱ ቁርጥ ገቢ ይከፍላሉ። ቱጌንዴን የመሳሰሉ ድርጅቶች ደግሞ ሞተሩን በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ የነጂው ንብረት ያደርጋሉ። ሴፍቦዳ የተባለው ድርጅት በ2014 ነጂዎችን ከተሳፋሪዎች ጋር በስልክ መተግበሪያ ማገናኘት ጀመረ፤ ነጂዎቹ በብርቱካናማ የራስ ቁር ይለያሉ። በ2020 የኮቪድ ገደብ ወቅት ሰው መጫን ተከልክሎ ለወራት ዕቃ ብቻ ሲጓጓዝ ቆይቷል።

አደጋ

በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ተካሂዶ በ2010 የታተመ ጥናት፣ የቦዳ ቦዳ ተጎጂዎችን ለማከም የሚወጣው ወጪ ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ በጀት 62.5 በመቶ ጋር እንደሚስተካከል አመልክቷል። ጥናቱ የሚመለከተው የቦዳ ቦዳን አደጋ በጠቅላላ እንጂ ቦክሰርን ለይቶ አይደለም።

የኤሌክትሪክ ተፎካካሪዎች

ዜምቦ የተባለው ድርጅት ባትሪ በመቀየር የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ሞተሮችን በካምፓላ አሰማርቷል።

ከትራያምፍ ጋር

የመጀመሪያ ሞተሩን በ1902 የሠራው የእንግሊዙ ትራያምፍ አነስተኛና ርካሽ ሞተር ለማውጣት ሲነሳ፣ በ2020 ከባጃጅ ጋር ተፈራረመ። በ2023 የተዋወቁት ስፒድ 400 እና ስክራምብለር 400 ኤክስ 398 ሲሲ ሲሆኑ በሕንድ ይመረታሉ። ለካምፓላ ነጂ ግን የባጃጅ ስም የሚታወቀው ዛሬም በቦክሰር ነው።