ዜና ቤትስና ዜና ጓያ በጣና ዳር

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1834 ዓ.ም፣ በኢትዮጵያ መሳፍንት እርስ በርሳቸው በሚዋጉበት ዘመን፣ ቭላዲሚር ቤትስ በሩሲያ ግዛት ተወለደ። የትውልድ አገሩ ዛሬ ዩክሬን ናት። በኪየቭ ሕክምና ተማረ፤ በዚያው ከተማም የአናቶሚ መምህር ሆነ። ሙያውም የሰውን አንጎል በመድኃኒት ማጠንከር፣ እንደ ወረቀት አሳስቶ መቁረጥ፣ ካርሚን በሚባል ቀይ ቀለም ነክሮ በአጉሊ መነጽር መመርመር ነበር። ትዕግሥት ለሌለው የማይሆን ሥራ ነው።

በ1870 ፍሪትሽና ሂትሲሽ የተባሉ ሁለት የጀርመን ሐኪሞች የውሻን አንጎል ገልጠው በኤሌክትሪክ ቢነኩት የእንስሳው እግር ተንቀሳቀሰ። ወሬው ኪየቭ ደረሰ። ቤትስም የተነካው ቦታ በውስጡ ምን እንደያዘ ሊያይ ተነሣ። በ1874፣ አፄ ዮሐንስ በአክሱም ዘውድ ከጫኑ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው፣ ያገኘውን በጀርመንኛ አሳተመ። በአንጎሉ ቅርፊት ውስጥ ፒራሚድ የሚመስሉ ግዙፍ የነርቭ ሕዋሳት አይቶ ነበር፤ በሰውም በውሻም አንጎል አገኛቸው። ግዙፍ ይባሉ እንጂ ትልልቆቹ እንኳ ከሚሊሜትር አንድ አስረኛ ብዙም አይበልጡም። እግርን በሚያዝዘው ክፍል ያሉት ከሁሉ ይተልቃሉ፤ ክራቸው ከራስ ቅል ተነሥቶ እስከ ወገብ መውረድ አለበትና። እስከ ዛሬም የቤትስ ሕዋሳት ይባላሉ።

ቤትስ በ1894 አረፈ። በዚያው ዓመት በሞስኮ አሌክሲ ኮዤቭኒኮቭ የተባለ የነርቭ ሐኪም እግርን ስለሚያሽመደምድ ስለ አንድ የጥራጥሬ በሽታ ጻፈ። የዚህ ዓይነቱ ጥራጥሬ በጣና ዳር ስሙ ጓያ ነው።

የጣና ዳር ገበሬ የቤትስን ስም አልሰማም፤ ያ ረጅም ክር ሲጎዳ ሰው ምን እንደሚሆን ግን በዓይኑ ያየዋል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ በወረታ ዙሪያ የፎገራን ሜዳ ያገኛል። በክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ውኃው ሲሸሽ ዋልካው ላይ ጓያ ይዘራል፤ ሩዝ ከገባ ወዲህም ሩዙን ተከትሎ ይበቅላል። ጓያ ዝናብ አይለምንም፤ በአፈሩ እርጥበት ብቻ ያፈራል። ሌላው እህል በከዳ ዓመት የሚገኘው እሱ ነው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በደህና ዘመን ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ የሚበላው፣ በክፉ ዘመን ለብቻው ለወራት ይበላል።

ያን ጊዜ ጎልማሳው ከሥራ ሲመለስ እግሩ ይከብደዋል። ባቱ ይገተራል፤ ተረከዙ ከመሬት ተነሥቶ በጣቶቹ ይረግጣል፤ ጉልበቶቹ እየተጠላለፉ ይሰናከላል። አእምሮው ግን እንደ ቀድሞው ነው። ሐኪሞች የበሽታውን ደረጃ በዱላ ይቆጥሩታል፦ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ በአንድ ዱላ የሚሄድ፣ በሁለት ዱላ የሚሄድ፣ በመጨረሻም የሚድህ። የተጎዳው እግር አይመለስም።

አንዳንዱ ሰው ጥፋቱን በጓያው እንፋሎትና በገለባው ላይ አላከከ። በ1964 ግን የህንድ ተመራማሪዎች መርዙን ከራሱ ከፍሬው ለይተው አወጡት፤ ኦዳፕ ይባላል። ነርቮች ከሚነጋገሩባቸው ቅመሞች አንዱን ስለሚመስል ሕዋሱን ያለ ልክ ያስጨንቀዋል።

በኢትዮጵያ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የሰሜን ምዕራቡን ገጠር አጥንተው በ1990 ውጤቱን አሳተሙ፤ በሽታው በአገሩ የተንሰራፋ መሆኑ በዓለም የሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ገባ። በ1999 ደግሞ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን ከባልደረቦቻቸው ጋር በላንሴት መጽሔት ስለ ሌላ የጓያ ወረርሽኝ ጻፉ። ቀጥሎም ጥያቄያቸውን ወደ ማጀት ወሰዱት፤ ሰው ጓያውን እንዴት አዘጋጅቶ በላው? እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን የበሉት ለበሽታው ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ፤ በቅመም በተሠራ ወጥ የበሉት ግን እንደዚያ አልነበሩም። እህል መቀላቀልም አደጋውን ይቀንሳል። ስለዚህ በድርቅ ዓመት ለጣና ዳር የሚላክ ስንዴ ከጓያው እሸት ቀድሞ መድረስ ይኖርበታል፤ ጓያው ካሸተ በኋላ የደረሰ ስንዴ ለብዙዎቹ ዘግይቷል።