የከተማ ሕንፃዎችን ኢነርጂ ለመቆጠብ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የቤልቪው ነዋሪ ሊያውቀው የሚገባ

የሲቲ ሆሉ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያው፣ የማኅበረሰብ ማዕከሉ መብራትና ማሞቂያ የሚከፈለው ከእኛው ኪስ ነው። የቤት ባለቤት በፕሮፐርቲ ታክስ፣ ተከራይ በኪራዩ ውስጥ፣ ሁላችንም በሴልስ ታክስ እንከፍላለን። ያረጀ ማሞቂያ ዶላር ሲበላ የሚበላው የእኛን ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ለምን አሁን?

ዋሽንግተን ስቴት በ2019 የንጹህ ሕንፃዎች ሕግ አወጣ። ከ50,000 ስኩዌር ፊት በላይ የሆኑ የንግድና የመንግሥት ሕንፃዎች የኢነርጂ ፍጆታቸውን ለክተው ሕጉ የሚጠይቀውን ማሟላት አለባቸው። ከ220,000 በላይ ለሆኑት የተቀመጠው ቀን ጁን 1 ቀን 2026 ነው። ከ90,000 በላይ የሆኑት በ2027፣ የቀሩት በ2028 ይከተላሉ። ያላሟላ ይቀጣል፤ ስለዚህ ነገሩ ምክር ብቻ አይደለም። በ2022 ደግሞ ሕጉ ከ20,000 ስኩዌር ፊት በላይ ወደሆኑ ሕንፃዎችና አፓርታማዎች ሰፍቷል። ብዙዎቻችን የምንኖርበት ማለት ነው።

አራቱ የገንዘብ ምንጮች

1. የኤሌክትሪክ ኩባንያው። ቤልቪው ውስጥ ፒዩጀት ሳውንድ ኢነርጂ ነው። በ2006 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕግ ትልልቅ ኩባንያዎች በቁጠባ ላይ ገንዘብ እንዲያወጡ ያስገድዳል። ታዲያ ኩባንያው ይህን ድጎማ ከራሱ ትርፍ የሚሰጥ እንዳይመስላችሁ! ከደንበኛው ቢል ላይ የሚሰበሰብ ነው።

2. ስቴቱ። የንግድ መሥሪያ ቤቱ (ኮሜርስ) የሕዝብ ሕንፃ ለማደስ በውድድር ግራንት ይሰጣል።

3. ፌዴራል መንግሥት። በ2009 ለስቴቶች፣ ለካውንቲዎችና ለከተሞች 3.2 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2021 ሕግ ደግሞ 550 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ከአንዱ እስከ ሌላው 12 ዓመት። ይሄ ሲመጣ የሚቀበሉት እንጂ ተማምነው የሚቀመጡበት ገንዘብ አይደለም።

4. ቁጠባው ራሱ። ዋናው ይሄ ነው። ላም በዱቤ ገዝቶ ከወተቷ እንደመክፈል ነው። ከተማው ይበደራል፤ የስቴቱ ገንዘብ ያዥ መሥሪያ ቤት ለከተሞች የሚያበድርበት ፕሮግራም አለው። ኢነርጂ ቆጣቢ ኩባንያ ሥራውን ይሠራል፣ የሚቀንሰውንም መጠን በውል ዋስትና ይሰጣል። ዕዳው ከቀነሰው ቢል ይከፈላል።

በምሳሌ እንየው። አንድ ሕንፃ በዓመት 100,000 ዶላር ቢል አለበት እንበል። እድሳቱ 240,000 ዶላር ፈጀ፣ ድጎማ 60,000 ተገኘ፣ ብድሩ 180,000 ሆነ። ቢሉ 20 በመቶ ከቀነሰ በዓመት 20,000 ይተርፋል፤ ወለዱን ትተን ዕዳው በ9 ዓመት ያልቃል። የቀነሰው 10 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን 18 ዓመት ነው። ማሽኑ እስከዚያ ቢያረጅስ?

ምን እንጠይቅ?

ከእድሳቱ በፊት የነበረው ፍጆታ በትክክል ተለክቷል ወይ? በየዓመቱስ ማን ያረጋግጣል? ቁጠባው ከጎደለ ልዩነቱን ኩባንያው ነው የሚከፍለው ወይስ እኛ? ማሽኑ ከዕዳው በላይ ዕድሜ አለው ወይ?

ቤልቪው በጀቱን የሚያጸድቀው ለሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ ይጠራል። ዜጋ መሆን አይጠበቅባችሁም፣ ሄዳችሁ መናገር ትችላላችሁ። ካለፈ በኋላ ማማረር የፈሰሰ ውኃ ማፈስ ነው።