የለንደን ወደብ ሠፈር እንዴት እንደ ለማና ለማን እንደ ለማ

አንድ አሮጌ የወደብ ወይም የፋብሪካ ሠፈር ሥራው ሲቆም፥ መንግሥት በሕግ አዲስ አገልግሎት መድቦለት እንደ ገና እንዲለማ ማድረግ በብዙ አገሮች የተለመደ ሆኗል። የሚሰጠውም ምክንያት አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም የአካባቢውን ኑሮ ማሻሻል ነው። ነገር ግን «አካባቢ» የምንለው ነገር ሁለት ገጽ አለው። መሬቱም አካባቢ ይባላል፥ በመሬቱ ላይ የሚኖረውም ሕዝብ አካባቢ ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ይለማሉን? ወይስ አንዱ ሌላውን ትቶት ይሄዳል? እኛም ይህን ጥያቄ ለመመርመር የመረጥነው ከከተማው በስተምሥራቅ በቴምስ ወንዝ ዳርና ዳር የተዘረጋውን የለንደን የድሮ ወደብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

፩፤ ወደቡና ሕዝቡ

ለንደን ሀብቷን ያገኘችው በወንዟ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ወንዙ በመርከብ ብዛት ስለ ተጣበበ፥ ማራገፊያ ተራ የሚጠብቀውም ዕቃ እየተሰረቀ ስላስቸገረ፥ ነጋዴዎች ዶክ የሚባለውን፥ ማለት ዙሪያውን በግንብ የታጠረ ሰው ሠራሽ የመርከብ ማቆሚያ ማሠራት ጀመሩ። የዌስት ኢንዲያ ዶክ በ1802 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከካሪቢያን ደሴቶች በባሮች ጉልበት የተመረተው ስኳር የሚራገፈው በዚያ ነበር። ከዚያም የለንደን ዶክ በ1805፥ የኢስት ኢንዲያ ዶክ በ1806፥ የሴንት ካትሪን ዶክ በ1828፥ የሮያል ቪክቶሪያ ዶክ በ1855፥ የሮያል አልበርት ዶክ በ1880 ተከተሉ። በመጨረሻም የኪንግ ጆርጅ አምስተኛ ዶክ በ1921 ዓ.ም. ተከፈተ።

የንግዱ ትልቅነት እንዲህ ሲሆን የሠራተኛው ኑሮ ግን ሌላ ነበር። ቋሚ ቅጥር የለውም። ጧት ጧት በዶኩ በር ተሰብስቦ ይቆማል፤ አሠሪው የፈለገውን ጠርቶ ያስገባል፥ ያልተጠራው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በ1889 ዓ.ም. ከ100 ሺህ የማያንሱ ሠራተኞች አድማ መትተው አምስት ሳምንት ያህል ከቆዩ በኋላ፥ በሰዓት ስድስት ፔኒ እንዲከፈላቸው አስወሰኑ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የወደብ ሠራተኛ ሁሉ በመዝገብ እንዲገባና ሥራ ባልተገኘበት ቀንም ጥቂት አበል እንዲያገኝ ደንብ ወጣ።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የወደቡ ሕዝብ ከወደቡ ጥቅም ያገኘው በውልና በሕግ ተጽፎለት ነው እንጂ፥ የንግዱ ሀብት ሞልቶ ስለ ፈሰሰለት አልነበረም። ይህ ነገር ወደ ፊት የምንናገረውን ለመረዳት ይጠቅመናል።

፪፤ የወደቡ መዘጋት

ከመስከረም ወር 1940 ዓ.ም. ጀምሮ የጀርመን አውሮፕላኖች ሠፈሩን በቦምብ ደበደቡት። ሆኖም ወደቡ ከጦርነቱ በኋላ ታድሶ፥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ50 ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ ጭነት ያስተናግድ ነበር። ቦምብ ያልገደለውን ወደብ የገደለው ኮንቴይነር የሚባለው የብረት ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን በአሜሪካ አገር ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በባሕር ንግድ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ፥ ብዙ ሰዎች ቀናት የሚፈጅባቸውን ማራገፍ ጥቂት ሰዎች በክሬን በሰዓቶች የሚፈጽሙት ሆነ። መርከቦቹም እየገዘፉ ስለ ሄዱ ጥልቅ ውሃና ሰፊ ሜዳ አስፈለጋቸው። ስለዚህ ሥራው ከለንደን ድልድይ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕሩ ቀርቦ ወደሚገኘው ወደ ቲልበሪና ወደ ሌሎች ወደቦች ተዛወረ።

ዶኮቹም ተራ በተራ ተዘጉ። የኢስት ኢንዲያ ዶክ በ1967፥ የሴንት ካትሪን ዶክ በ1968፥ የሰሪ ዶኮች በ1970፥ የዌስት ኢንዲያና የሚልዎል ዶኮች በ1980፥ ሮያል የሚባሉት በ1981 ዓ.ም. ሥራቸውን አቆሙ። በወደቡ ዙሪያ የነበሩት ፋብሪካዎችና መጋዘኖችም አብረው ተዘጉ። አባት ለልጁ ያወርሰው የነበረው ሙያ በአንድ ትውልድ ውስጥ ዋጋ አጣ።

፫፤ ሁለት ፕላኖች

ባዶ የቀረው መሬት ለምን ይዋል? ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ተሰጥቷል፤ የሁለቱም ልዩነት የጥናታችን እምብርት ነው።

የመጀመሪያው መልስ የወረዳዎቹ ነው። በ1974 ዓ.ም. የታላቋ ለንደን ምክር ቤትና የአምስት ወረዳዎች ምክር ቤቶች አንድ የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ኮሚቴውም በ1976 ዓ.ም. ፕላን አወጣ። ፕላኑ መሬቱን በብዛት የመደበው የወረዳ ምክር ቤት ለሚያከራያቸው ቤቶችና ነዋሪው ሊሠራባቸው ለሚችል ፋብሪካዎች ነበር። ዓላማው ቀና ነው፤ ዳሩ ግን ሁለት ድካም ነበረበት። አንደኛ፥ ፋብሪካዎች ከለንደን እየወጡ በነበሩበት ጊዜ ፋብሪካ ይመጣል ብሎ ተስፋ አደረገ። ሁለተኛ፥ ማዕከላዊው መንግሥት ወጪውን በሚቀንስበት ዘመን በመንግሥት ገንዘብ ተማመነ። ስለዚህ ሥራው ተጓተተ።

ሁለተኛው መልስ በ1979 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው የወግ አጥባቂዎች መንግሥት ነው። ሚኒስትሩ ማይክል ሄዝልታይን በ1980 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት የለንደን ዶክላንድስ ልማት ኮርፖሬሽንን በ1981 ዓ.ም. አቋቋሙ። ኮርፖሬሽኑ 22 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል ክልል ላይ የግንባታ ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ከታወር ሃምሌትስ፥ ከኒውሃምና ከሰዘርክ ወረዳዎች ወሰደ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የነበረውንም መሬት ተረከበ። አባሎቹ በሚኒስትሩ የሚሾሙ እንጂ በነዋሪው የሚመረጡ አልነበሩም።

በ1982 ዓ.ም. ደግሞ አይል ኦፍ ዶግስ በሚባለው፥ ወንዙ በሦስት ወገን በከበበው ሠፈር ላይ ኢንተርፕራይዝ ዞን የሚባል ልዩ የንግድ ክልል ታወጀ። በዚህ ክልል ውስጥ የሚሠራ የንግድ ሕንፃ ለ10 ዓመት የቤትና የቦታ ግብር አይከፍልም፤ የግንባታው ወጪ በሙሉ ግብር ከሚከፈልበት ትርፍ ይቀነሳል፤ አብዛኛውም ግንባታ የተለየ ፈቃድ አያሻውም። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንሻው አንድ ነገር ነው። ማበረታቻው ሁሉ የተሰጠው ሕንፃ ለሚሠራ ነው። የሠፈሩን ሰው ቀጥሮ ለሚያሠራ ወይም ሙያ ለሚያስተምር የተለየ ምሕረት በዚህ ድልድል ውስጥ አልነበረም።

፬፤ የተሠራው ሥራ

የልማቱን ታላቅነት መካድ አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. ቀላል የከተማ ባቡር ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት በሮያል ዶኮች መካከል የለንደን ሲቲ የአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ጀመረ። የካናሪ ደሴቶች ፍራፍሬ ይራገፍበት ከነበረው ቦታ ስሙን የወሰደው ካናሪ ዎርፍ የባንክ ከተማ ሆነ፤ 235 ሜትር የሚረዝመው ሕንፃም በ1991 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ቦታው በልዩ ክልሉ ውስጥ ስለ ነበረ፥ ይህን የሚያህል ሥራ የሕዝብ አስተያየት በችሎት ሳይሰማበት ተጀመረ።

መንገዱም ሁሉ ቀና አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. የቢሮ ኪራይ ገበያ ስለ ወደቀ፥ ካናሪ ዎርፍን ያሠራው ኦሊምፒያ ኤንድ ዮርክ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ዕዳውን መክፈል አቃተው። ሠፈሩ በእግሩ የቆመው ከጊዜ በኋላ ነው፤ ለዚህም በመንግሥት ገንዘብ ጭምር ተሠርቶ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የጁቢሊ የምድር ውስጥ ባቡር ብዙ ረድቶታል። እንግዲህ የግል ሀብት ብቻውን ሠራው የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም።

ኮርፖሬሽኑ በመጋቢት ወር 1998 ዓ.ም. ሥራውን ሲያጠቃልል ባወጣው ሒሳብ፥ 1.86 ቢሊዮን ፓውንድ የመንግሥት ገንዘብ ወጥቶ 7.7 ቢሊዮን ፓውንድ የግል ገንዘብ መጥቷል፤ 24,046 ቤቶች ተሠርተዋል። በክልሉ የሚሠራው ሰው ብዛት በ1981 ከነበረበት ከ27 ሺህ ወደ 85 ሺህ፥ ነዋሪውም ከ39 ሺህ ወደ 83 ሺህ ያህል ከፍ ብሏል። መሬቱ ለምቷል ቢባል እንግዲህ ሐሰት አይሆንም።

፭፤ ለማን?

ቁጥሩን ግን ቀረብ ብለን ስንመረምረው ሌላ ነገር ይታየናል። ከአዲሶቹ ሥራዎች ብዙዎቹ በዚያ የተፈጠሩ ሳይሆኑ ከሌላ ሠፈር የተዛወሩ ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. ትልልቅ ጋዜጦች ወደ ዋፒንግ ሲዛወሩ 5,500 ያህል የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ከሥራ ተሰናብተው፥ አንድ ዓመት የቆየ ጠብ ተነሥቷል። ባንኮቹም ሲመጡ ጸሐፊዎቻቸውንና የሒሳብ ሠራተኞቻቸውን ይዘው መጡ። ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ሲያራግፍ የኖረ የ50 ዓመት ሰው የባንክ ወንበር ሊይዝ እንደማይችል የታወቀ ነው፤ ልጁ ግን ቢማር ይችል ነበር። መማሪያው ግን ከሕንፃው በጣም ዘግይቶ መጣ።

በቤት ነገር ያየን እንደ ሆነ፥ በ1981 ዓ.ም. በክልሉ የራሱ ቤት የነበረው ከመቶ አምስት የሚሆነው ብቻ ነበር፤ የቀረው በአብዛኛው ከወረዳው ምክር ቤት የሚከራይ ነው። አዲሶቹ ቤቶች ግን በብዛት ለሽያጭ የተሠሩ ሆኑ፤ የመሬቱ ዋጋ ሲያሻቅብ የቤቱም ዋጋ ከነዋሪው አቅም በላይ ሆነ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይፈጸማል። ወንዙ ዳር ተወልዶ ያደገው ሰው፥ ወንዙን የሚያይ መስኮት መግዛት ተሳነው።

ነዋሪው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በሮያል ዶኮች የሚኖሩት በ1983 ዓ.ም. ከአውሮፕላን ማረፊያው ይልቅ ይሻላል ያሉትን የራሳቸውን ፕላን አዘጋጅተው አቀረቡ። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ በጀልባዎች ተሰልፈው በወንዙ ወደ ፓርላማ ሄዱ። የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የሥራ ጉዳይ ኮሚቴ በ1988 ዓ.ም. እንዲህ ያሉትን ኮርፖሬሽኖች መርምሮ፥ መሬትና ሕንፃ ታድሶ የአካባቢው ሕዝብ ከተዘለለ ሥራው ተሳክቷል ሊባል እንደማይችል አስታወቀ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ቅሬታው የወሰደው መንገድ ነው። በቤት እጦት የተማረሩት አንዳንድ ነጮች ቁጣቸውን ያወረዱት በድልድሉ ላይ ሳይሆን እንደ እነሱው ቤት በሚጠብቁት የባንግላዴሽ ተወላጆች ጎረቤቶቻቸው ላይ ሆነ። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሚልዎል በተደረገ የማሟያ ምርጫ የዘረኞች ፓርቲ እጩ በ7 ድምፅ ብልጫ የወረዳ ምክር ቤት ወንበር አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ወንበሩን ቢያጣም፥ ነገሩ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያለያይ ጠባሳ ትቷል።

፮፤ የኛ አስተያየት

አንዳንዶች፥ ኮርፖሬሽኑ ባይመጣ ኖሮ መሬቱ ባዶ ይቀር ነበር ይላሉ። ይህ ክርክር ክብደት አለው፤ የ1976ቱም ፕላን ብቻውን ይበቃ ነበር ለማለት አንደፍርም። ሌሎች ደግሞ ሁሉ ነገር በሀብታሞች ሴራ የተደረገ ነው ይላሉ። ይህም ነገሩን ያቃልለዋል፤ ወደቡን የዘጋው ኮንቴይነር እንጂ ባንክ አይደለም።

እኛ ከታሪኩ የምንረዳው ከሁለቱም የተለየ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኮርፖሬሽኑ መንገድና ሌላ ትልቅ ሥራ ለመሥራት የወረዳዎቹ ትብብር ሲያስፈልገው፥ ከኒውሃምና ከታወር ሃምሌትስ ምክር ቤቶች ጋር በጽሑፍ ተዋዋለ። በእነዚህ ውሎች ለኪራይ ቤት፥ ለሥልጠናና ለማኅበራዊ አገልግሎት ገንዘብ ተመደበ። ሰባት ዓመት ያህል «ሀብቱ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል» ሲባል ያልወረደው ጥቅም፥ በውል ሲጻፍ ወረደ። በ1889 ዓ.ም. ስድስት ፔኒዋ የተገኘችው እንዲሁ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል።

ዳሩ ግን የ1980ዎቹ መጨረሻ ውል የመጣው መሬቱ በብዛት ከተሸጠና ዋጋው ከናረ በኋላ ስለ ሆነ፥ ያስገኘው ጥቅም ሊያስገኝ ይችል ከነበረው ያነሰ ነው። መንግሥት የአንድን መሬት አገልግሎት በሕግ ሲለውጥ በአንድ ቀን ታላቅ ሀብት ይፈጥራል፤ ትናንት የመጋዘን ፍርስራሽ የነበረው ዛሬ የባንክ ቦታ ይሆናል። ይህን ሀብት የፈጠረው ሕጉ ነው እንጂ ባለ ሕንፃው አይደለም። ስለዚህ የነዋሪው ድርሻ፥ ማለት ስንት ቤት በሚችለው ኪራይ እንደሚያገኝ፥ ስንት ልጁ ሙያ እንደሚማር፥ መጻፍ የሚገባው በዚያው ድልድሉ በሚታወጅበት ቀንና በዚያው ሰነድ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ ድርሻ ልመና ይሆናል።

በኋለኞቹ ዓመታት በካናሪ ዎርፍ የሚሠራው ሰው ቁጥር ከ100 ሺህ አልፏል። ከአንድ ሰፊ መንገድ ማዶ ፖፕላር የሚባለው ሠፈር አለ፤ ሁለቱም የሚገኙበት የታወር ሃምሌትስ ወረዳ በድኻ ልጆች ብዛት ከእንግሊዝ ወረዳዎች በመጀመሪያው ረድፍ ሲቈጠር ኖሯል። መንገዱን ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በ1982 ዓ.ም. ያልተጻፈው አንቀጽ ግን እስካሁን በሁለቱ መካከል አለ።