ብልጭታው ወዴት ሄደ? የሞተሮችና የኬብሎቻቸው ረብሻ አጭር ታሪክ



ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከዓመታት በፊት በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ንባቡ እየዘለለ ስላስቸገረ እንድመረምረው ተጠራሁ። ሚዛኑን አስለወጥሁ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ዘለለ። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ችግሩ የመጣው ከሚዛኑ የመረጃ ሽቦ ጋር በአንድ ቦይ ከተዘረጋው የሞተር ኬብል ነበር። ስሌቱን አውቀው ነበር፤ የጎደለኝ ታሪኩ ነው። ታሪኩን ባውቅ ኖሮ በመጀመሪያ የምጠይቀው «ከሞተሩ የወጣው ኮረንት በየት በኩል ይመለሳል?» ብዬ ነበር። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻችንን ለንደን እናድርግ። በኪው የነበረው መመልከቻ ጣቢያ የምድርን የማግኔት መስክ ለውጥ ይመዘግብ ነበር። የኤሌክትሪክ ትራም ወደ አካባቢው ሲስፋፋ ግን መዝገቡ መታወክ ጀመረ። የትራሙን ሞተር ያንቀሳቀሰው ኮረንት የሚመለሰው በሐዲዱ ነው፤ ከፊሉ ግን ከሐዲዱ ሾልኮ በአፈር ውስጥ መንገድ ይፈልጋል። የመሄጃውና የመመለሻው መንገድ በተራራቁ መጠን የሚፈጥሩት መስክ ሩቅ ይደርሳል። ሳይንቲስቶቹ መሸሽን መረጡ፤ በስኮትላንድ ገጠር፣ በኤስክዴልሙር የተሠራው ምትክ ጣቢያ በ1908 ተከፈተ።

ራዲዮ በየቤቱ ሲገባ ግን የሚሸሽበት ስፍራ ጠፋ። የካርቦን ብሩሽ ያላቸው ሞተሮች ሲዞሩ ብልጭታ ይፈጥራሉ፤ ብልጭታውም በራዲዮው ውስጥ እንደ ጩኸት ይሰማል። በ1934 በፓሪስ የተመሠረተው፣ ሲስፕር በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው የራዲዮ ረብሻ ዓለም አቀፍ ልዩ ኮሚቴ ረብሻን የመለካትና የመገደብ ሥራን በጋራ ስምምነት ላይ ለማቆም ተነሣ። ሽሽት በሕግ ተተካ ማለት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ምጸት እንድረስ። ኒኮላ ቴስላ በ1888 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የኢንዳክሽን ሞተር ብሩሽ የለውም፤ ስለዚህም አይበልጭም። ችግሩ ፍጥነቱን እንደልብ ለመለዋወጥ አለመመቸቱ ነበር። ይህን የፈታው ፍሪኩዌንሲን የሚለዋውጠው መቆጣጠሪያ ነው፤ የዴንማርኩ ዳንፎስ በ1968 በብዛት ማምረት ጀመረ። በ1980ዎቹ ኢንሱሌትድ ጌት ባይፖላር ትራንዚስተር ሲመጣ መቆጣጠሪያው ፈጣንና ቀልጣፋ ሆነ። ማብሪያው በፈጠነ መጠን በሙቀት የሚባክነው ኃይል ይቀንሳል፤ ረብሻው ግን ይጨምራል። ከብሩሹ የጠፋው ብልጭታ በመቆጣጠሪያውና በኬብሉ ውስጥ እንደገና ተወለደ።

ስሌቱን እንመልከት። ቮልቴጁ በአንድ ማይክሮሰከንድ 5000 ቮልት በሚደርስ ፍጥነት ቢለወጥ፣ በኬብሉና በመሬት መካከል ያለው ካፓሲታንስም 1 ናኖፋራድ ብቻ ቢሆን፣ ለቅጽበት 5 አምፔር ወደ መሬት መስመሩ ይፈስሳል። ኬብሉ በረዘመ ቁጥር ካፓሲታንሱም ይጨምራል። ይህ ኮረንት ወደ መነሻው መመለስ ግዴታው ነው። የቅርብ መንገድ ካላገኘ በቧንቧው፣ በሕንፃው ብረት፣ በሚዛኑ ሽቦ ይመለሳል። ከኪው ሐዲድ የሾለከው ኮረንት ያደረገውም ይህንኑ ነበር።

መፍትሔውም ከዚህ ይፈልቃል። ኬብሉን በብረት ጥልፍ መሸፈን ለኮረንቱ የቅርብ መመለሻ መስጠት ነው። ጥልፉ በሁለቱም ጫፍ ዙሪያውን ከብረት አካሉ ጋር መታሰር አለበት። ብዙ ቴክኒሻኖች እንደሚያደርጉት ጥልፉን ገምዶ በ10 ሴንቲሜትር ሽቦ ማሰር ኢንዳክታንስ ይጨምራል፤ በ10 ሜጋኸርትዝ ላይ ወደ 6 ኦም ገደማ ይሆናል፤ መንገዱ ግማሽ ተዘጋ ማለት ነው። በመቆጣጠሪያው መግቢያ ላይ ፊልተር ማድረግና የመረጃ ሽቦን ከሞተር ኬብል ማራቅ፣ መገናኘታቸው የግድ ከሆነም በቀጥታ ማዕዘን ማሻገር ይከተላል።

የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1989 ያወጣው መመሪያ ከ1996 መባቻ ጀምሮ አስገዳጅ ሲሆን እነዚህ ልማዶች የንግድ ቅድመ ሁኔታ ሆኑ። ለእኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የማግኔት ልኬት የሚካሄድባት፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በቀጥተኛ ኮረንት የሚሄድ ባቡር ያላት ከተማ ናት፤ የኪው ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው።

ተማሪዎቼ፣ ነገ የግዢ ሰነድ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። የመቆጣጠሪያውን ዋጋ ስትጠይቁ የኬብሉንና የአተሳሰሩንም ጠይቁ። በሰነዱ ላይ ያልተጻፈውን ዋጋ ሌላ ሰው፣ በሌላ መሣሪያ ላይ፣ ምክንያቱን ሳያውቅ ይከፍለዋልና።