የእትዬ መኪና፦ ከአየር ወደ ሞላ

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ወሬ የአንዲት መኪና ወሬ ነው። መኪናዋ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የዋሽንግተን ዲሲን ወሰን አለፍ ብሎ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ የእኛ ሰው ሱቅና ምግብ ቤት በብዛት የከፈተበት ከተማ። ባለቤቷ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ሴት ናቸው። ሌሊት ይጋግራሉ፤ ሲነጋ እንጀራውን ጭነው ለሱቆች ያከፋፍላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ባዶ መኪና ይዘው ይመለሳሉ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፦ ጠዋት ሙሉ፣ ከሰዓት ባዶ። ታሪኩ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ዙሪያ ነው።

መኪናዋ ሌክሰስ ጂኤክስ 470 ናት። አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እስከ 2009 ሞዴል የተሸጠችው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ።) የቆዳ ወንበሩንና አርማውን ተዉትና ከሥር ብታዩዋት አገር ቤት የምናውቀው ፕራዶ 120 ናት። ሞተሯ 4.7 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር። ከፊት የምትቆመው በብረት ሞላ ነው። ከኋላ ግን ድፍኑን አክስልና ሻንሲውን የሚለያያቸው ሁለት የጎማ ከረጢት ውስጥ የታሰረ አየር ነው።

በአንድ የበረዶ ወራት ማለዳ እትዬ ሲወጡ መኪናዋን ኋላዋን ጥላ አገኟት። ሞተሩን አስነሱ። ኮምፕሬሰሩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጮኸና ቀስ ብላ ብድግ አለች። በማግስቱም ያው። እንዲህ እያለች ሰነበተችና አንድ ቀን ኮምፕሬሰሩ ዝም አለ፤ ክሩስኮቱ ላይ መብራት በራ፤ መኪናዋም እንደተቀመጠች ቀረች።

እዚህ ላይ ስለ አየሩ ላውጋችሁ። ሲበላሽ ብቻ አይተውት «የማይረባ ነገር» የሚሉት ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ድንቅ ብልሃት ነው። ከኋላ የተቀመጡ ሰንሰሮች የመኪናውን ቁመት ይለካሉ። ጭነት ሲበዛና ኋላው ዝቅ ሲል ኮምፕሬሰሩ አየር ይጨምራል፤ ጭነቱ ሲወርድና ኋላው ከፍ ሲል ቫልቭ ተከፍቶ አየሩን ያስተነፍሳል። ስለዚህ መኪናው ሙሉም ሆነ ባዶ በአንድ ቁመት ይሄዳል። መብራቱ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን አይወጋም፤ የፊት ጎማው መንገዱን አይለቅም። የብረት ሞላ ይህን አያውቅም። በጫኑበት ልክ ይወርዳል፣ ባራገፉለት ልክ ይነሳል።

ግን ከረጢቱ ጎማ ነው፤ ጎማ ደግሞ ያረጃል። ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ ሁልጊዜ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን መጀመሪያ ዓይን አያየውም፤ አየሩ ግን ያገኘዋል። በሜሪላንድ በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ያለበት ውሃ ከሥር እየተረጨ የሰንሰሮቹን ክንድና የሽቦዎቹን መጋጠሚያ ይበላል። የሚያፈስ ከረጢት ኮምፕሬሰሩን ዕረፍት ይነሳዋል፤ ዕረፍት ያጣ ኮምፕሬሰር ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። እትዬ ማለዳ መኪናዋን ወርዳ ሲያገኟት ያዩት የስንጥቁን ሥራ ነበር፤ ኮምፕሬሰሩ የሞተው ከዚያ በኋላ ነው።

አየርን አውጥቶ ሞላ ማስገባት አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ካዲላክ በ1957 ኤልዶራዶ ብሮም የሚባለውን እጅግ ውድ መኪናውን በአራቱም ማዕዘን በአየር አቁሞ ወደ ገበያ አወጣ፤ ከገዙት ሰዎች መካከል ሰንብተው አየሩን በተራ ሞላ ያስቀየሩ ነበሩ። ሬንጅ ሮቨር በ1970 ሲወለድ በሞላ ነበር። የዚያን ጊዜ አብዛኞቹ የገጠር መኪኖች በባሌስትራ እየነጠሩ ሲሄዱ፣ ረጅም ሞላው ነው ምቹ የሚል ስም ያወጣለት። በ1992 አየር መጣለት። በ1994 የወጣው፣ ፒ38 የሚሉት ሁለተኛው ትውልድ፣ በአራት ከረጢት ቆመ። ዛሬ ፒ38 ያላቸው ሰዎች በየግቢያቸው ከረጢቱን ፈትተው ሞላ ማስገባታቸው የተለመደ ሥራ ሆኗል።

ወደ እትዬ እንመለስ። ጋራዥ ሄዱ። ጋራዡ ከረጢቶቹን፣ ኮምፕሬሰሩን፣ ሰንሰሮቹን ደምሮ የጠራላቸው ዋጋ ዝም አሰኛቸው። ከዚያ አጎቴ ጋ ደወሉ። አጎቴ አዲስ አበባ ላንድክሩዘር እየፈታ እየገጠመ ያደገ መካኒክ ነው። ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ በሚቆመው 60 ላይ እጁን ፈታ፤ 80 በአራቱም ጎማ በሞላ ሲመጣ ደግሞ እሱን ተማረ። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ በባትሪ መብራት አየና ወጣ።

«ከረጢቱ ብቻ ቢሆን ከረጢቱን ቀይሬልዎት እሄድ ነበር» አላቸው። «አንዱ ሲሄድ ሞላ አልመክርም። እዚህ ግን ሁሉም አብሮ ሄዷል።»

«እና ሞላው ይሻለኛል?»

«መጀመሪያ የሚጭኑትን ይንገሩኝ።»

እኔ አጎቴን የማከብረው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። እሱ ግን አየሩ በየቀኑ ሲሠራላቸው የኖረውን ሥራ ማን እንደሚረከበው ነው የጠየቀው። የቤት ሚዛን አወጣን፤ አንዱን የእንጀራ ሳጥን መዘንን፤ በሳጥኖቹ ቁጥር አባዛን። 200 ኪሎ ገደማ መጣ፤ ሁሉም ከኋላ፣ አብዛኛው ከአክስሉ ወዲያ።

አሁን ሂሳቡን ተከተሉኝ። ሞላ ሲገዛ ጥንካሬው ይመረጣል። ለ200 ኪሎ የተሠራ ጠንካራ ሞላ ቢገባ ጠዋት ጥሩ ነው። ከሰዓት ግን እትዬ ባዶውን ሲመለሱ ኋላዋ ወደ ላይ ተሰቅሎ እንደ ደነበረች በቅሎ በየጉድጓዱ ይነጥራል፤ በዝናብ ጊዜ የነጠረ ጎማ መሬት አይዝም። ለባዶ መኪና የሚሆን ለስላሳ ሞላ ቢገባ ደግሞ ከሰዓት ምቹ ነው። ጠዋት ግን እንጀራው ሲጫን ቁጭ ይላል፤ መብራቱ ሽቅብ ያያል፤ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር አክስሉ መከላከያ ጎማውን ይመታል። አየሩ ሁለቱንም ያስማማ ነበር። ብረት አንዱን ምረጡ ይላችኋል።

የጎረቤት ልጅ፣ መኪና የሚወድ ጎበዝ ልጅ፣ «ከፍ የሚያደርገውን ሞላ ግዙላት፤ ታምራለች» አለ። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። «እሳቸው እንጀራ ነው የሚጭኑባት። የኋላ በሩ ከፍ ባለ ቁጥር ሳጥኑን ወደ ላይ የሚያነሳው የእሳቸው ወገብ ነው።» ሌላም ነገር ነገረው። ድፍን አክስል ወደ ጎን እንዳይሄድ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው አግዳሚ ዘንግ አለ፤ የመኪናው ቁመት ሲቀየር ያ ዘንግ አክስሉን ጥቂት ወደ ጎን ይስበዋል። ቁመቱን በፋብሪካው ልክ ማቆየት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

መፍትሔው ይኸውላችሁ። ለዚህ መኪና ተብሎ የሚሸጥ፣ መደበኛ ቁመት ያለው፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሞላ ተገዛ። በእያንዳንዱ ሞላ ሆድ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ረዳት ከረጢት ገባ። ይህ ረዳት ኮምፕሬሰርም ኮምፒውተርም የለውም፤ እንደ ጎማ በተራ ፓምፕ ይነፋል፣ ከ5 እስከ 35 ፒኤስአይ። ባዶ ሲሆኑ 5፣ ሲጭኑ ከፍ ይደረጋል። ከ5 በታች አይወርድም፤ ጭራሽ ባዶ ከሆነ በሞላው ተቆንጥጦ ይቀደዳል። መኪናዋን የሚሸከማት ብረቱ ነው፤ ከረጢቱ ያግዛል እንጂ አይሸከምም። ቢተነፍስ እንኳ መኪናዋ ትቆማለች። አጎቴ ለግራና ለቀኝ የተለያየ መንፊያ አደረገላቸው። ሁለቱ በአንድ ቱቦ ቢገናኙ መኪናው ሲታጠፍ አየሩ ከተጨነቀው ወገን ወደ ተዝናናው ይሸሽና ማዘንበሉን ያባብሰዋል።

ቅዳሜ ሥራው ተጀመረ። ቤታቸው ፊት ያለው ሜዳ ኮንክሪት ነው፤ ባይሆን አጎቴ አይጀምርም ነበር። ቤታችሁ የምትሞክሩ ካላችሁ ይህን ክፍል እንዳታልፉት። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ እነሱ ከመሬት ሲነሱ የያዘው ነገር የለም። ስለዚህ የፊት ጎማዎቹ በሁለቱም ወገን እንጨት ተደረገባቸው። የአየሩ ማብሪያ ከመነሳቷ በፊት ጠፋ። የጎማ ዳዶዎቹ መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ላላ ተደረጉ። ክሪኩ በዲፈረንሻሉ ሥር ገብቶ አነሳት፤ ሻንሲው ሥር በግራና በቀኝ ካቫሌቶ የሚባለው የብረት ማቆሚያ ቆመ። አጎቴ በሁለት እጁ ገፋ ገፋ አድርጎ አወዛወዛት። «ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆሚያ አይደለም» አለኝ። ክሪክ ብቻ አምኖ ከመኪና ሥር መግባት የሰው ሕይወት ሲቀጥፍ የኖረ ነገር ነው፤ ይህን እንደ ቀልድ የምትሰሙት ከሆነ ቁልፉን አስቀምጡና ለመካኒክ ክፈሉ።

ጎማዎቹ ወጡ። በከረጢቶቹ ውስጥ የቀረው አየር ከቱቦው መጋጠሚያ ላይ ቀስ ተብሎ ተለቀቀ፤ አየር ያለበት ከረጢት አይፈታም። የሰንሰሩ ክንድ ተለየ፤ የስታብላይዘሩ ማያያዣ ተፈታ፤ የአሞርዛተሮቹ የታች ቡሎን ወጣ። ዝገቱ አስቸግሮ ስለነበር ከዋዜማው ጀምሮ ዘይት ሲጠጣ አድሯል። ከዚያ አጎቴ ክሪኩን ጥቂት በጥቂት ለቀቀ፤ አክስሉ ወረደ። ዓይኑ በዚያን ሰዓት የፍሬን ቱቦው ላይና የኤቢኤስ ሽቦው ላይ ነበር፤ አክስሉ በነሱ ላይ ከተንጠለጠለ ነገ ፍሬን የለም። ከረጢቶቹ ወጡ። አንዱን ገለበጥነው፤ በመታጠፊያው ዙሪያ ስንጥቁ ክብ ሠርቷል።

ሞላው ላይና ታች ጎማው ተደርጎለት፣ ጫፉ በመቀመጫው ውስጥ ባለው ቦታ ልክ ገብቶ ተቀመጠ። አክስሉ ብዙ ስለወረደ ሞላ መጭመቂያ መሣሪያ አላስፈለገም። በዚህ በኩል ጂኤክስ 470 ለቤት ሥራ ገር ናት፤ ከኋላ አሞርዛተሩና ከረጢቱ ለየብቻ ናቸው። አየሩና አሞርዛተሩ አንድ አካል የሆኑባቸው መኪኖች አሉ፤ እነሱ ሌላ ታሪክ ናቸው፤ እዚያ ሞላው ተጨምቆ ነው የሚገጠመው፣ የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ደግሞ ፊት ያፈርሳል።

ሁሉም ከተመለሰ በኋላ አጎቴ ጎማ ያለባቸውን ቡሎኖች አላጠበቀም። መጀመሪያ መኪናዋ በአራት እግሯ ቆመች፣ ክብደቷ በሞላው ላይ ዐረፈ፣ ከዚያ ከሥር ገብቶ አጠበቃቸው። መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ ውስጡ ያለው ጎማ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ቶሎም ይበጣጠሳል። የኮምፕሬሰሩ ፊውዝ ተነቀለ፤ ሶኬቱም ተፈትቶ ውሃ እንዳይገባው ታሰረ። ክሩስኮቱ ላይ ያለችው መብራት እንደበራች ቀረች። አጎቴ አምፖሏን አላወጣም፤ መኪናዋን ነገ የሚገዛት ሰው አየሩ እንደሌለ ማወቅ አለበት አለ። በመጨረሻ ከጎማው መሐል እስከ ክንፉ ጠርዝ በሜትር ለካን፤ ግራና ቀኝ እኩል። ሳጥኖቹን ጭነን ደግመን ለካን፤ ረዳቶቹን ነፍተን ለካን። ማታ ግድግዳ ፊት አቁመን የፊት መብራቱን አስተካከልን።

እትዬ ነድተው ተመለሱ። «ድሮ እንደነበረችው አትንሳፈፍም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አጎቴም አልካደም። «መንገዱን ትንሽ ይሰማዎታል። ጠዋት ሲወጡ ግን ቆማ ያገኟታል።» ፓምፑንና መለኪያውን ሰጣቸው፤ ጠዋት ከመጫናቸው በፊት 25፣ ከሰዓት ካራገፉ በኋላ 5፣ በበሩ ውስጠኛ በኩል በወረቀት ጽፎ ለጠፈላቸው። ለእኔ ደግሞ ጥቂት ከተነዳች በኋላ ቁልፍ ይዤ እንድሄድ አዘዘኝ። ሄድኩ። የቀኙ አሞርዛተር የታች ዳዶ ትንሽ ዞረልኝ፤ የቀሩት አልተነቃነቁም።