«ዲቡቅ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ስለ መንፈስ ልክፍት ቃላት ታሪካዊ ማስታወሻ

በአይሁድ አፈ ታሪክ «ዲቡቅ» የሚባል መንፈስ አለ። ለአማርኛ ተርጓሚ ቶሎ የሚመጣለት አቻ «ዛር» ነው። እኛ ግን ይህ አቻ እንደማይስማማ ከቃላቱ ታሪክና አብረዋቸው ከሚሄዱት ግሶች ተነሥተን ለማስረዳት እንሞክራለን።

የዕብራይስጡ ሥርወ ቃል «ተጣበቀ» ማለት ነው። የአማርኛው «ደበቀ» በድምፅ ቢቀርበውም በትርጉም አይገናኘውም። ዲቡቅ ሳኦልን እንዳስጨነቀው ያለ ክፉ መንፈስ ሳይሆን፣ በኃጢአቱ ምክንያት ዕረፍት ያጣ የሞተ ሰው ነፍስ ነው። በሕያው ሰው ላይ ይጣበቃል፤ ስሙን ተጠይቆ ከተናገረ በኋላ በእግር ትንሽ ጣት በኩል እንዲወጣ ይገደዳል። እምነቱ በ16ኛው መቶ ዓመት በገሊላ በሳፌድ ከተማ፣ በይስሐቅ ሉርያ ተከታዮች ዘንድ ጐልቶ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1920 በዋርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የአንስኪ ተውኔት ደግሞ ቃሉን ለዓለም አስተዋወቀ።

አማርኛ ለእያንዳንዱ የልክፍት ዓይነት የተለየ ግስ አለው። ቡዳ «ይበላል»፤ የሚጠረጠረውም ሕያው ሰው ነው። ጋኔን «ይለክፋል»፤ በጸሎትና በጸበል ይወጣል። ዛር ግን «ይሰፍራል»፤ የያዘውን ሰው «ፈረሱ» ያደርገዋል፤ ያጓራል፤ ስሙንም ይናገራል። ዛር የሙት ነፍስ አይደለም። ዕጣኑ፣ ቡናውና ልብሱ ሲቀርብለት ይታረቃል እንጂ እንደ ጋኔን አይባረርም። ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር ያጠናው ይህንኑ ሥርዓት ነበር። ኤንሪኮ ቼሩሊ ቃሉን ከአገው የሰማይ አምላክ መጠሪያ ጋር አያይዞታል፤ ይህ ከሆነ «ዛር» ከአምላክነት ወደ መንፈስነት የወረደ ስም ነው ማለት ነው። ቀድሞ አገውኛ ይናገሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም ዛርን እንደ ጎረቤቶቻቸው ያውቁታል።

አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ በሚነገሩባቸው በአዳማና በአካባቢዋ ከተሞች ጥያቄው ይበልጥ ይወሳሰባል። የቢሾፍቱ ሐይቅ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ በቆሪጡ ይታወቃል። በአርሲ የሚገኘው፣ በእመቤት ሞሚና ስም የሚታወቀው ፈረቃሳ ደግሞ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚሳለመው ቦታ ነው። የኦሮምኛው «አያና» በአማርኛ «ዛር» ቢባል የጠባቂነትና የመለኮታዊ ጸጋ ትርጉሙ ይጠፋል። በኦሮሞ ዘንድ «ቃሉ» የተከበረ የሃይማኖት አባት ሲሆን፣ ከዚሁ ቤተሰብ የመጣው «ቃልቻ» በአማርኛ ማንቋሸሻ ሆኖ ቀርቷል። የአዳማ ስም ራሱ ያስጠነቅቀናል፤ በዕብራይስጥ «አዳማ» መሬት ማለት ቢሆንም የከተማይቱ ስም ግን ከዚያ አልመጣም። የድምፅ መመሳሰል ዝምድና አይደለም።

የቃል ምርጫ የሚጐዳው ሰው አለ። አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ የሆኑት ቤተ እስራኤል «ቡዳ» በመባላቸው ብዙ መከራ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1984-85 እና በ1991 ወደ እስራኤል ከሄዱት መካከል «ዛር ያዘኝ» እያሉ ሐኪም ፊት የቀረቡ ነበሩ። አስተርጓሚው «ዲቡቅ» ቢል ሰሚው የሚባረር የሙት ነፍስ ይመስለዋል፤ «እብደት» ቢል ደግሞ ሕመምተኛው ያላለውን ተናገረለት ማለት ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «ዲቡቅ» እንዳለ ይወሰድ፤ ሥርወ ቃሉን ተከትሎ በ«ቅ» ይጻፍ፤ ፍቺውም «በሕያው ሰው ላይ የሚጣበቅ፣ ዕረፍት ያጣ የሙት ነፍስ» ይሁን። «ዛር»ም በበኩሉ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር በገዛ ስሙ ይሻገር።