ሬይን ሬል፦ የመኪና አሸንዳ

በአዊ ዞን በግምጃ ቤት ከተማ ጎዳና ሸራ ጣሪያ ያለው ተሽከርካሪ ቢፈለግ ቶሎ የሚገኘው ባጃጅ ነው። ክረምት በገባ ጊዜ ሾፌሩ በግራና በቀኝ የላስቲክ መጋረጃ ይዘረጋል፤ ተሳፋሪው ግን መጋረጃው ወርዶለትም ትከሻው ሊርስ ይችላል። ሸራ የሚሰፋው በመርፌ ነው፣ መርፌ ባለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ይቀራል፣ ክሩ ሲያረጅ ውሃ በክሩ ላይ እየተሳበ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የባጃጅ ጣሪያ ችግር ከዚህ ብዙም አያልፍም፤ ዝናቡ በሸራው ጠርዝ ወርዶ መሬት ላይ ይፈስሳል።

ጣሪያው ወደ ኋላ የሚታጠፍ የቤት መኪና፣ ኮንቨርተብል የሚባለው፣ ነገሩ ይከብደዋል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ዓይነት መኪና በብዛት የሚያውቀው ከፎቶግራፍ ነው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም. ዋሽንግተን ሲገቡ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር ጎን ለጎን ሆነው ሕዝቡን ሰላም ያሉት ጣሪያ በሌለው መኪና ላይ ነበር። ለንጉሥ የሚቀርብ መኪና ጥላ የሚይዝና የሚያደርቅ ሰው አያጣም። ተራው ባለቤት ግን ጠዋት በሩን ሲከፍት ምንጣፉ ውሃ አቁሮ ያገኘዋል፤ ከየት እንደገባም አይታየውም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ መካኒኮች በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚያዩትን ዕቃ «ሬይን ሬል» ይሉታል። ቃል በቃል ቢመለስ «የዝናብ ሐዲድ» ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ባቡር እንጂ ውሃ አያስታውስም። አማርኛ ለሥራው የቆየ ስም አለው፦ አሸንዳ። ከቆርቆሮ ክዳን ጠርዝ ሥር ተሰቅሎ ውሃውን ተቀብሎ ወደ ጥግ የሚወስደው ቦይ፣ ሬይን ሬል የሚሠራውን ነው የሚሠራው። ስለዚህ ዕቃው ከዚህ በኋላ «የጣሪያ አሸንዳ»፣ ውሃውን ወደ ታች የሚያወርደው ቱቦ ደግሞ «መውረጃ» ይባላል። የነሐሴው የልጃገረዶች በዓል ትዝ ያለው አንባቢ ይታገሥ፤ እዚህ የሚወራው ስለ ቦዩ ነው።

ዕቃውን ለማየት ከማዝዳ ኤምኤክስ-5 የተሻለ ማሳያ የለም። ይህች ሁለት ሰው የምትይዝ መኪና በ1989 እ.ኤ.አ. ወጥታ በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመረተች፤ ስለዚህ በሽታዋም መድኃኒቷም በዓለም ሁሉ ታውቋል። በቀደሙት ሞዴሎቿ ከሸራው የወረደው ውሃ በኋላ በኩል ሸራውና ላሜራው በሚገናኙበት ገብቶ፣ ከውስጥ በተዘረጋ የፕላስቲክ አሸንዳ ላይ ያርፋል። አሸንዳው ወደ ሁለት ይከፍለዋል። ከዚያም ከመቀመጫዎቹ ኋላ በግራና በቀኝ ባሉት መውረጃዎች አልፎ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊት ከመኪናው ሥር ይወጣል። ውሃው ወደ ሰውነቷ እንዲገባ የተፈቀደው ታስቦበት ነው። የመሐንዲሶቹ ሥራ መውጫ ማበጀት ነበር።

መጠኑን ማስላት ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አንድ ካሬ ተኩል በሚሆን ሸራ ላይ ሃያ ሚሊ ሜትር ቢወርድ ሠላሳ ሊትር ይሆናል፤ ይህም ለአዊ የሐምሌ ከሰዓት የሚያስደንቅ ዝናብ አይደለም። ከዚህ አብዛኛው በጎንና በፊት ቢፈስስ እንኳ ወደ ኋላ የሚሄደው ጥቂቱ መውረጃው ከተደፈነ ምንጣፍ ለማራስ ይተርፋል።

የሚደፍነው አፈርና ቅጠል ነው። ከእንጅባራ ዙሪያ እስከ ፋግታ ለኮማ በየማሳው ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀና ደቃቅ ስለሆነ፣ ከሥሩ ለሚቆም መኪና የባሰ ጠላት አይገኝም። ሰፊ ቅጠል አፉ ላይ ይቀራል፤ ደቃቁ ግን ወደ መውረጃው ገብቶ ከአቧራ ጋር ይቦካል።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚስተው ነገር አለ። ውሃ የተንጠባጠበበት ቦታ ይታይና ሲሊኮን ይቀባል። ውሃ ግን የገባበትና የታየበት ቦታ አንድ አይደለም፤ በላሜራ ጠርዝና በሽቦ ላይ እየተሳበ ርቆ ይሄዳል። አሸንዳው ሞልቶ ለሚፈስስ መኪና ሲሊኮን መቀባት ጉዳት ነው፤ መውጫ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ይዘጋል። ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ደግሞ አሲድ ስለሚያወጣ ቀለሙ የተነሣ ላሜራን ያዝገዋል።

ፍለጋው የሚጀመረው ከውሃው ዓይነት ነው። ዝናብ ሳይዘንብ በጋቢናው እግር ሥር ጥርት ያለ ውሃ ከተገኘ፣ የኤሲው መውረጃ ተደፍኗል። ውሃው ቀለም ካለው፣ ሲነኩት የሚያዳልጥና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ፣ ከሞተር ማቀዝቀዣው የመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ጣሪያውን መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን ምንጣፉ ይነሣል፣ ወለሉ በጨርቅ ይደርቃል፣ ጋዜጣ ይነጠፍበታል። አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላው ከውጭ በጎማ ቱቦ ያጠጣል። ከላይ መጀመር ስሕተት ነው፤ ጣሪያው ላይ የፈሰሰ ውሃ ሁሉንም ቦታ ስለሚያርስ ምንም አይለይም። ከታች ተነሥቶ፣ በየቦታው ጥቂት ደቂቃ እየቆዩ፣ ወደ ላይ መውጣት ነው። የውሃው ግፊትም እንደ ዝናብ ለስላሳ ይሁን፤ የመኪና ማጠቢያ ማሽን ደህናውንም የበር ጎማ አልፎ ይገባል።

በሩ የራሱ ትንሽ ምሥጢር አለው። በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ ውሃ ይገባል፤ ይህ ጤናማ ነው፤ ከግርጌው ባሉ ቀዳዳዎች ይወጣልና። ውሃውን ከተሳፋሪው የሚለየው ከፓነሉ ኋላ የተለጠፈ ስስ ላስቲክ ነው። ስፒከር ሲገጠም ላስቲኩ ይቀደድና ሳይለጠፍ ይቀራል፤ ባለቤቱም ከወራት በኋላ ጣሪያውን ይከስሳል።

የበር ጎማ ደግሞ በወረቀት ይፈተናል። ቁራጭ ወረቀት በጎማውና በመስታወቱ መካከል አድርጎ በሩን መዝጋት፣ ከዚያ መሳብ ነው። ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው አልጠበቀም ማለት ነው። ታጣፊ ጣሪያ ባለው መኪና የበሩ መስታወት ፍሬም ስለሌለው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጎማው ሳይሆን የመስታወቱ አቀማመጥ ነው፤ በማስተካከያ ብሎኖቹ ጥቂት ወደ ውስጥ ቢያዘነብል ይበቃል። ጎማው በናፍጣ ወይም በሞተር ዘይት አይወለወልም፣ ያብጣልና፤ የሚስማማው የሲሊኮን ቅባት ነው።

መውረጃውን ለመፈተን ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ይበቃል። ቀስ ብሎ ሲፈስስ ወዲያው ከመኪናው ሥር መውጣት አለበት። ካልወጣ አፉ ላይ ያለው ቆሻሻ በእጅ ይለቀማል፣ ከዚያ ጫፉ ያልሾለ ተጣጣፊ የፕላስቲክ ገመድ ይሰደዳል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን ቱቦውን ከመያዣው ሊያላቅቀው ይችላል፣ የተላቀቀ ቱቦ ደግሞ ውሃውን ሁሉ መኪናው ሆድ ውስጥ ያፈስሳል። አሸንዳው ራሱ ከተሰነጠቀ ወይም ከሸራው ከተላቀቀ መጠገኑ ዕድሜ አይሰጥም፤ መቀየር ይሻላል።

ይህ ሁሉ ኮንቨርተብል በማይታይባት አገር ለምን ይጻፋል? የሚከፈት የመስታወት ጣሪያ ያላቸው መኪናዎችም በመስታወቱ ዙሪያ እንዲሁ አሸንዳ፣ በየማዕዘኑም መውረጃ አላቸው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሰፊ የመስታወት ጣሪያ ይዘው ነው የመጡት። መስታወቱ የማይከፈት ከሆነ መውረጃ አያስፈልገውም፤ የሚከፈት ከሆነ ግን ባለቤቱ ከክረምት በፊት ከፍቶ ማዕዘኖቹን ይመልከት።

የረጠበ ምንጣፍ ከላይ ሲዳሰስ ደረቅ መስሎ ከሥሩ ያለው ወፍራም ስፖንጅ ለሳምንታት ውሃ ይዞ ይቆያል። በደጋው የክረምት ብርድ በር ከፍቶ ማናፈስ አያደርቀውም፤ ወንበሩ ተፈትቶ ስፖንጁ መውጣት አለበት። በዘመናዊ መኪናዎች የመቆጣጠሪያ ሳጥንና የሽቦ መጋጠሚያ ወንበር ሥር ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ውሃ ወለሉ ላይ ቆሞ ከተገኘ ቁልፉን ከማዞር በፊት ኤሌክትሪሺያን መጥራት ይገባል።